ምስጥ ያልበላው ቁጥር

ጋሪው ከአምባ ስልሳ ሁለት ወጥቶ የሆሞሻን መንገድ ሲይዝ ፀሐይ ወጥታ ነበር፤ ግን አልታየችም። ታኅሣሥ ነው፣ ሣር የሚቃጠልበት ወር። ጭሱ ሜዳው ላይ ተኝቷል። የማንጎ ዛፎቹ ከወገባቸው በላይ ብቻ ቀርተው ነጭ ውኃ ላይ የሚንሳፈፉ ይመስላሉ። ጫኔ ልጓሙን ላላ አድርጎ ይዞ ተቀምጧል። መንገዱን የሚያየው አህያው ነው።

አህያውን «ጓድ» ይለዋል። ስሙ በደርግ ጊዜ ለነበረ ሌላ አህያ የወጣ ነው። ያ አህያ ሞተ፣ ደርግም ወደቀ፣ ስሙ ግን እየተላለፈ ለሦስተኛው አህያ ደርሷል።

ከኋላው ሁለት ሰውና አንድ ቅርጫት ተጭነዋል። አንደኛው ወንጌላዊ እዩኤል ነው፤ የአምባው ልጅ፣ ከመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት በሰኔ የተመለሰ፣ ቦርሳውን ጭኑ ላይ አድርጎ እንደ እንቁላል የሚጠብቅ። ሌላዋ እትዬ ውድነሽ ናቸው፤ ነጠላቸውን እስከ ቅንድባቸው ስበው ተኝተዋል። ቅርጫቱ የቀርከሃ ነው፣ የተፈለፈለ በቆሎ ሞልቶታል። የሚሄደው ሻዕባን ወደሚባሉ የበርታ ሽማግሌ ቤት ነው። ከአምባው አዝመራ የመጀመሪያው ቅርጫት በየዓመቱ ለእሳቸው ይሄዳል። ተጽፏል።

እትዬ ውድነሽ ሲተኙ ያነበንባሉ። ጫኔ ለምዶታል። ዛሬም ከጋሪው መንኮራኩር ድምፅ ሥር የያዕቆብ መልእክት ቀስ ብሎ ይፈሳል፤ አንዳንዱ ቃል ይሰማል፣ አንዳንዱን ጠጠር ይውጠዋል። አህያው በንባቡ ልክ ይራመዳል።

እዩኤል ግን አልለመደውም። ቦርሳውን ከፍቶ መጽሐፉን አወጣ፤ በጣቱ እየተከተለ ሰማ። አንድ ቦታ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። የሴትዮዋ ድምፅ ግን አልቆመም።

ጫኔ ይህን ዘወር ብሎ አየና መልሶ ፊቱን ወደ አህያው ጆሮ አዞረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰባ ሰባት ከወሎ ተጭነው እዚህ ሲወርዱ፣ ሣሩ ከቆመ ሰው በላይ ነበር፤ መንግሥት ለእያንዳንዱ አባወራ አንድ መጥረቢያ፣ አንድ ብርድ ልብስና አንድ ቁጥር ሰጠ። ለአምባውም ቁጥር እንጂ ስም አልተሰጠውም። ከመካከላቸው ወንጌል አማኞቹ ሃያ አምስት አይሞሉም፤ ያላቸው መጽሐፍ አንድ ነው። ካድሬው ጎጆ ለጎጆ እየዞረ መጽሐፍ ይፈልጋል። ጋሽ ሙላው የሚባሉ መሪያቸው አንድ ማታ መጽሐፉን በምላጭ ፈቱና አሥራ አንድ ቦታ ከፈሉት፤ ለአሥራ አንድ ሰው አደሉት። እያንዳንዱ ድርሻውን በቀርከሃ ቀፎ ከቶ፣ አፉን በሰም ደፍኖ፣ ጣራው ውስጥ ሰካው። ካድሬው አላገኘውም።

ምስጡ ግን አገኘው። ወሎ ላይ ቤት የሠራ ሰው የአሶሳን ምስጥ አያውቅም። በመጀመሪያው ክረምት ከአሥራ አንዱ ዘጠኙ አለቀ። ቀፎው ሲከፈት ከአንዳንዱ የወጣው እፍኝ አፈር ነው። የቀረው በሰዎቹ ጭንቅላት የተያዘው ብቻ ሆነ። ኦሪት ዘሌዋውያንን ማንም በቃሉ አልያዘውም፤ ጠፋ ብሎ ያለቀሰ ግን አልነበረም። ያዕቆብ የደረሰው ለውድነሽ ነበር፤ ያኔ ወጣት ናቸው፣ ማንበብ የቻሉት በመሠረተ ትምህርት ነው፣ አምስት ምዕራፍ ብቻ ነውና ትችለዋለች ተብሎ። ቻሉት።

ከዚያ ወዲህ በአምባው እንዲህ ያሉ ሰዎች «ያዥ» ይባላሉ። የያዕቆብ ያዥ፣ የሮሜ ያዥ። ደርግ ወድቆ የታተመ መጽሐፍ በካርቶን ሲመጣም ሥርዓቱ አልቀረም። እሁድ እሁድ ያዡ በርጩማ ላይ ይቀመጣል፣ ሕዝቡ መጽሐፉን ዘግቶ ብብቱ ሥር ይይዛል፣ ያዡም ይናገራል። የረሳ ያዥ ይታረማል፣ ይቀመጣል። የጨመረ ያዥ ግን ከበርጩማው ይነሣል፤ ሁለተኛ አይናገርም። ይህን ሕግ ያወጡት ጋሽ ሙላው ናቸው። በሃያ ስድስት ዓመት አንድም ሰው አልተነሣበትም።

ከኋላ ወደ ጉባ የሚሄድ ከባድ መኪና መጣ። ቤት የሚያህል ብረት ጭኗል። በጭሱ ውስጥ መኪናው አይታይም፤ ብረቱ ብቻውን ከመሬት ከፍ ብሎ ቀስ እያለ አለፋቸው። እትዬ ውድነሽ ነቁ።

«ምንድነው እሱ?»

«የግድቡ ዕቃ ነው፣ እትዬ» አለ ጫኔ።

«ስርጉት ጋ ነዋ የሚሄድ።» ስርጉት ልጃቸው ናት፤ ግድቡ ካምፕ ውስጥ ለሠራተኞቹ ወጥ ትሠራለች። «ይሄን ሁሉ ብረት ቀቅላ ታበላቸው ይሆን።»

ማንም አልሳቀም፤ እሳቸውም አልጠበቁም። እዩኤል ጉሮሮውን ጠረገ።

«እትዬ።»

«አቤት ልጄ።»

«የምዕራፍ አንድ መጨረሻ ላይ...»

«ሃያ ስምንተኛውን ነው የምትለኝ።»

እዩኤል ጣቱን ከገጹ አነሣ። ከአምባው እስከዚህ ድረስ ሲያሰላስል የመጣውን መግቢያ ሁሉ ዘለሉበት።

«በመጽሐፉ ምዕራፉ በሃያ ሰባት ያልቃል» አለ በመጨረሻ። «ሃያ ስምንት የሚባል የለም። ከትምህርት ቤት አንድ ደብተር ይዤ መጥቻለሁ፤ በአንድ በኩል የምናደርገውን፣ በሌላው የተጻፈበትን እመዘግባለሁ። የምናደርገው ሁሉ ቁጥር ይኑረው አላልኩም። ተጽፏል ካልን ግን ተጽፎ መገኘት አለበት። ይህ ካልሆነ ነገ እኔም ተነሥቼ የፈለግሁትን ተጽፏል ብላቸው ማን ያቆመኛል?»

«ማንም» አሉ እትዬ ውድነሽ።

«በሰፈር የዘጠኝ ሰው መጽሐፍ ተውሼ አየሁ። ዘጠኙም ላይ በኅዳጉ በእጅ ተጽፏል። አንዱ በሰማያዊ፣ አንዱ በቀይ፣ አንዱ በእርሳስ። ያዥዋ ትላለች፣ ከእኔ ቅጂ ጎድሏል ብሎ እያንዳንዱ የራሱን አርሟል። ለሌላው የተናገረ የለም።»

ጫኔ ይህን ሲሰማ አንገቱ ስር ሞቀው። ጋሽ ሙላው ሲሞቱ መጽሐፋቸውን የወረሰው እሱ ነው። ማንበብ አይችልም፤ ግን ያቺን የእጅ ጽሑፍ ያውቃታል። ከመጽሐፉ ውስጥ የሚወዳት ገጽ እሷ ናት፣ የሰው እጅ ያለባት።

ቁጥሯን ደግሞ በአምባው የማያውቅ የለም። «በረሃብህ ወራት እህል የሰጠህን ሰው አትርሳ፤ ከአዝመራህ መጀመሪያ ስጠው፣ እስከ ደጁም ተሸክመህ ሂድ።»

«አንተ ጫኔ» አሉ እትዬ ውድነሽ። «አትስማ።»

«አልሰማሁም።»

«እንግዲያ ስማ። ልጄ፣ በሰባ ሰባት ነሐሴ ራሽኑ ቀረ። መንገዱ ጭቃ ሁኖ መኪና አልገባም። ስርጉት የሁለት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ዓይኗ ወደ ላይ ሄዷል። ሻዕባን ማሽላ ይዞ መጣ። አላውቀውም፣ አያውቀኝም። የሰፈርነው እሱ መሬት ላይ ነው። እስከ መስከረም ሦስቴ መጣ፣ ለኔ ብቻም አይደለም። ኅዳር ላይ በቆሏችን ሲደርስ እንመልስለት አልኩ። ሙላው፣ ነፍሱን ይማር፣ የአዝመራ በኩራት ለማያምን አይሰጥም አለ። ሽማግሌዎቹም እንዲያ አሉ። እኔ ሴት ነኝ፣ ማን ይሰማኛል። እሁድ ግን ተራው የያዕቆብ ነበር።»

ጓድ ቆሞ ሣር ነጨ፤ ጫኔ አልነዳውም።

«ወረቀቱን ምስጥ በልቶታል። ከኔ ጭንቅላት በቀር የሚታይበት የለም። ሃያ ሰባትን ጨረስኩና ቀጠልኩ። ድምፄ አልተለወጠም። ሙላው አለቀሰ። በማግስቱ ቅርጫቱን ራሱ ተሸከመ።»

«ክፉ ነገር አላሉም» አለ እዩኤል።

«ክፉ መቼ አልኩ። በጎ ነገር ነው። የኔ በጎ ነገር ነው። የጌታ ነው ብዬ ሸጥኩት።» ነጠላቸውን ወደ ኋላ ገፉ። «በመጨረሻው መጽሐፍ መጨረሻ ላይ፣ በቃሉ የሚጨምር መቅሠፍት እንደሚጨመርበት ተጽፏል። እሱስ ተጽፏል?»

«ተጽፏል።»

«አየህ። ጉልበቴ አንዱ ነው። ፍየሎቹ ሁለተኛ። አምና ጣራዬ የተነሣው ሦስተኛ።»

«ጣራው የሁላችንም ነው የተነሣው፣ እትዬ» አለ ጫኔ። «ነፋስ ነበር።»

«የናንተ ነፋስ ነው። የኔ መቅሠፍት ነው።»

እዩኤል መጽሐፉን ዘጋ። ከባድ ነገር ሊናገር ሲል ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ይህን ከትምህርት ቤት ሳይሆን ከእናቱ ነው የወረሰው።

«እሁድ እኔ እናገራለሁ። እርስዎ ዝም ይበሉ። የማስታወስ ስሕተት ነው፣ ከብዙ ዘመን የተነሣ የተቀላቀለ ነው እላለሁ። የረሳ ይታረማል፣ በርጩማውም ይቀርልዎታል።»

እትዬ ውድነሽ ወደ እሱ ዞሩ። ከበርጩማው ሌላ ምን እንዳላቸው ሁሉም ያውቃል። ባላቸው ከሞተ አሥራ አራት ዓመቱ ነው፣ ልጅቱ ጉባ ናት፣ ጎረቤት ሲጠራቸው እንኳ «የያዕቆብ» ብሎ ነው።

«ደብተርህ ላይ» አሉ፣ «ያቺን ከየትኛው በኩል ትጽፋታለህ?»

እዩኤል መጽሐፉን ቦርሳው ውስጥ ከተተ። ጫኔ አህያውን ጠቀሰው፤ ጋሪው ተነቃነቀ።

የሻዕባን ግቢ ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ፣ ከቀርከሃ አጥር ጀርባ ነው። ጭሱ እዚያም ገብቷል፤ ዶሮዎቹ በውስጡ እንደ ሕልም ይመላለሳሉ። ሽማግሌው ማንጎው ሥር ምንጣፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ልጃቸው ዓፊያ ውኃ ይዛ ብቅ አለች፤ አሶሳ የተማረች፣ አሁን የቀበሌው ጤና ጣቢያ ውስጥ የምትሠራ።

«ውድነሽ መጣ» አሉ ሻዕባን። «እግር እንዴት ነው?»

«እግር አለ። አንተስ፣ ዓይንህ?»

«ዓይን የለም። ጭስ ነው፣ ሰው ነው፣ አንድ ነው።»

ከዚህ በኋላ የሚሆነው ይታወቃል። ጫኔ ቅርጫቱን አውርዶ ምንጣፉ ጫፍ ላይ ያኖረዋል። ከመጡት አንዱ «እንደ ተጻፈው» ይላል። ሻዕባን «እንደ ኪታብ፣ ተቀበልኩ» ይላሉ፤ መጽሐፉን ኪታብ ነው የሚሉት። ውኃ ይጠጣል። ይሄዳሉ። ሃያ ስድስት ጊዜ እንዲህ ሆኗል፤ በሃያ ስድስቱም ማንም እዚያ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ አያውቅም።

ጫኔ ቅርጫቱን አኖረ። እዩኤል አፉን ከፈተ፣ ምን እንደሚል ግን አላወቀም። እትዬ ውድነሽ ቀደሙት።

«ሻዕባን፣ ተጽፏል ያልንህ አልተጻፈም።»

«ምን?»

«መጽሐፉ ውስጥ የለም። እኔ ነኝ ከራሴ ያልኩት፤ እነሙላው እምቢ ሲሉኝ።»

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ። ዶሮ አንዷ ቅርጫቱ ላይ ወጥታ ጫረች፤ ማንም አላባረራትም።

«ኪታብ አይደለም?»

«አይደለም።»

«ሙላው ያውቃል?»

«ሳያውቅ ሞተ።»

ሻዕባን ለራሳቸው በበርትኛ የሆነ ነገር አሉ። ከዚያ ዓፊያን ጠሩ። «መጀመሪያ ዓመት፣ እኔ ሙላው ምን ሰጠሁ?»

«ፍየል» አለች ዓፊያ። «እኔ አልተወለድኩም ነበር፣ ግን በየዓመቱ ይነግረናል።»

«ፍየል። ሙላው እምቢ አለ። ኪታብ አዟል፣ መልስ የለውም፣ አለ። ሁለተኛ ዓመት፣ ማር። እምቢ። ሦስተኛ ዓመት፣ ቁጭ በሉ፣ ብሉ፣ አልኩ። እምቢ፣ ቆሞ ውኃ ጠጣ፣ ሄደ። ኻላስ፣ በቃ፣ እኔ ዝም አለ። ኪታብ ጋ ማን ይጣላል? ሃያ ስድስት ዓመት ሰው ይመጣል፣ ያስቀምጣል፣ ይሄዳል። እኔ እጅ ታስሮ ይቀበላል። እንደ ለማኝ።» ትንሽ አሰቡና ጨመሩ። «በቆሎ ደግሞ እኔ አይወድም።»

«ለዶሮ ነው የምንሰጠው» አለች ዓፊያ በጥሩ አማርኛ።

የእትዬ ውድነሽን ፊት ጫኔ እስከ ዛሬ አይረሳም። ቤቱ ሲቃጠል ያየ ሰው ሳይሆን፣ ቤቱ ከመሠረቱ ተሳስቶ መሠራቱን አሁን ያየ ሰው ፊት ነበር።

«አባ» አለ እዩኤል፤ ደብተሩን ይዞ ልማዱን ሊያስቀር የመጣው ሰው አሁን ይለምን ጀመር፣ «ቅርጫቱን ግን ይቀበሉን። ባይጻፍም ከልብ ነው፣ ሰዎቹ...»

ሻዕባን እጃቸውን አነሡ። «አሁን ነው የምቀበል። ኪታብ ከሆነ ከላይ ነው፣ መልስ የለውም። ውድነሽ ከሆነ ሰው ነው። ሰው መልስ አለው። ዓፊያ፣ ገልብጥ። ማሽላ ሙላ።»

ዓፊያ በቆሎውን ጆንያ ላይ ገለበጠች፤ ቅርጫቱን ይዛ ጎተራው ጋ ሄደች። ስትመለስ ቀይ ማሽላ እስከ አፉ ሞልቶታል። እትዬ ውድነሽ እጃቸውን ዘርግተው መልሰው ሰበሰቡ።

«ምን ብዬ ነው የምወስደው?»

«ሻዕባን ሰጠ፣ በል።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም። ተቀመጥ።»

ተቀመጡ። ዓፊያ የማሽላ ገንፎ ከባሚያ ወጥ ጋር በሰፊ ሳሕን አቀረበች። እዩኤል ሊጸልይ ዓይኑን ጨፈነ፣ ሻዕባን ቢስሚላህ አሉ፣ ሁለቱም እኩል ጨረሱ። እትዬ ውድነሽ የመጀመሪያውን ጉርሻ በአፋቸው ይዘው ቆዩ። ጭሱ በመሃላቸው ያልፋል፤ ሻዕባን አንዴ ይታያሉ፣ አንዴ ድምፃቸው ብቻ ይቀራል። ሁለቱ ሽማግሌዎች ስለ ስርጉት አወሩ፣ በሰባ ሰባት ስለዘነበው ዝናብ አወሩ፣ ስለ ሙላው ግትርነት አወሩና ሳቁ። ጫኔ ሦስት ጊዜ ተጨመረለት። አልቆጠረም እንጂ አራትም ይሆናል።

ሲመለሱ እትዬ ውድነሽ አልተኙም። አምባው ሊታይ ሲል ብቻ ተናገሩ።

«መቅሠፍቱ ጉልበቴ መስሎኝ ነበር» አሉ። «ለካ የወደቀው ሻዕባን ላይ ነው።»

እሁድ ቤተ ክርስቲያኑ ሞላ። ተራው የያዕቆብ ነው። የማሽላው ቅርጫት መድረኩ ሥር ተቀምጧል፤ ጫኔ ወዴት እንደሚያደርገው ቢያጣ እዚያ አኖረው። ሰዉ መጽሐፉን ዘግቶ ብብቱ ሥር አድርጓል። እትዬ ውድነሽ በርጩማው ላይ ተቀምጠው ጀመሩ። ድምፃቸው እንደ ሁልጊዜው ነው፣ ውኃ በሸንበቆ እንደሚወርድ። ሃያ አምስት፣ ሃያ ስድስት፣ ሃያ ሰባት። ቆሙ።

ቆርቆሮው ሙቀት ሲያገኘው ቋ ይላል። ከሴቶች ወገን አንዲት አሮጊት ረስተው መስሏት በቀስታ፣ «በረሃብህ ወራት» አለች። ሌላዋ ተቀበለቻት። ከዚያ ወንዶቹ። ከዚያ ሁሉም፣ ማንም ሳያዛቸው፣ እንደ መዝሙር አንድ ላይ እስከ መጨረሻው አወረዱት። እስከ ደጁም ተሸክመህ ሂድ።

እዩኤል አጎንብሶ ጫማውን ያያል። እትዬ ውድነሽ ሕዝቡ ጨርሶ ዝም እስኪል ጠበቁ።

«እሱ አልተጻፈም» አሉ።

«እርጅና ነው እትዬ፣ ይረሳል» አለች የመዘምራን መሪዋ ሰብለወንጌል በርኅራኄ።

«አልረሳሁም። ጨመርኩ። በሰባ ስምንት ኅዳር፣ እናንተን እሺ ለማሰኘት እኔ ፈጠርኩት።» «አሁን መጽሐፋችሁን ክፈቱ። የቀረውን ጣታችሁን እያስኬዳችሁ ስሙኝ። ሌላ ካለብኝ ዛሬ ይውጣ።»

በዚያ ቤት ያዥ እየተናገረ መጽሐፍ ሲከፈት ያ የመጀመሪያው ነው። የገጾቹ ድምፅ የወፍ መንጋ ሲነሣ ይመስል ነበር። ጫኔም የጋሽ ሙላውን ከፈተ፤ ማንበብ ባይችልም ጣቱን አኖረ። ምዕራፍ ሁለት። ሦስት። ሰዎቹ መጀመሪያ ላይ ስሕተት ፍለጋ ይከተሉ ነበር። አራተኛው ላይ መፈለጉን ተዉት፤ ጣታቸው ብቻ ሄደ። አምስተኛውን ሲጨርሱ አንድ ቃል አልጎደለም፣ አንድ ቃል አልተረፈም።

እትዬ ውድነሽ ጉልበታቸውን ደግፈው ከበርጩማው ተነሡ። ሕጉን ሁሉም ያውቃልና ማንም አልከለከላቸውም።

ከሽማግሌዎቹ ሰራዊት የሚባለው ቅርጫቱን በአገጩ አመለከተ። ክፋት የለውም፤ ሥርዓት የሚወድ ሰው ነው። «ታዲያ ይሄ ማሽላ በየትኛው ቁጥር ነው የመጣው?»

«በምንም ቁጥር አይደለም» አሉ። «ሻዕባን ነው የሰጠን።»

ከበሩ አጠገብ፣ የጫኔ አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ መጥተው ተቀመጡ። ከዚያ ሆነው ድምፃቸውን ሳይጨምሩ፣ «እዩኤል፣ ልጄ» አሉ፣ «ከመጀመሪያው አንብብልኝ።»

እዩኤል ተነሣ። በርጩማው ላይ አልተቀመጠም፤ ጎኑ ቆሞ መጽሐፉን ከፍ አደረገና ከምዕራፍ አንድ፣ ቁጥር አንድ ጀመረ። ጫኔ ከጎኑ ሰረቅ አድርጎ አየ። የእትዬ ውድነሽ ከንፈር ሳያውቁት ከንባቡ ጋር ይንቀሳቀስ ነበር። ሦስተኛው ቁጥር ላይ ዝግ አለ። አራተኛው ላይ ከንፈራቸው ቆመ። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው፣ ራሳቸውን ወደ ንባቡ ዘንበል አድርገው አዳመጡ።